በኮንቴይነሮች መካከል የኤፒአይ ማንነት ማረጋገጫ ችግሮች

በኮንቴይነሮች መካከል የሚደረግ የኤፒአይ ማንነት ማረጋገጫ ማለት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ድረ ገጽና በሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ መሣሪያ በኤፒአይ ሲነጋገሩ፣ ጠያቂው ወገን ማን እንደሆነ በይለፍ ቃል፣ በቁልፍ ወይም በቶከን የሚያስረዳበት አሠራር ነው። ይህ መጣጥፍ በተለይ ማረጋገጫው እምቢ ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ይመለከታል።

ችግሩ ሲያጋጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቁልፉን ነው። ያለውን ሰርዞ አዲስ ያወጣል፤ ያም አልሠራ ሲል ሌላ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁልፉ ትክክል ነው። የተሳሳተው ጥያቄው የሄደበት አድራሻ፣ ቁልፉ ወደ ኮንቴይነሩ የገባበት መንገድ ወይም መሃል ላይ ሆኖ ሄደሩን የጣለው ፕሮክሲ ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ሰዎች ወደ አደገኛ መፍትሔ ይሄዳሉ፦ ማረጋገጫውን ጨርሰው ያጠፋሉ፣ የመረጃ ቋቱን ፖርት ለዓለም ሁሉ ይከፍታሉ፣ አለዚያም ቁልፉን ማንም በብራውዘር ሊያነበው በሚችል ኮድ ውስጥ ይጽፉታል። «ለጊዜው» ተብሎ የተከፈተ በር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ ይቀራል።

ዳራ

ኮንቴይነር አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር አንድ ላይ አሽጎ ከሌሎች ፕሮግራሞች ለይቶ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ዘዴው ከዚያ በፊትም በሊኑክስ ላይ ነበረ፤ በሰፊው የተለመደው ግን ዶከር በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው። ኮንቴይነሮች የአስተናጋጁን ኮምፒውተር ከርነል በጋራ ይጠቀማሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ የፋይል ሥርዓት፣ የራሱ የኔትወርክ ገጽና የራሱ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች አሉት። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ መለያየት ነው። ድሮ ድረ ገጹም የመረጃ ቋቱም አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ በነጻ ይገኝ የነበረው ነገር አሁን ተጽፎ መነገር አለበት።

ማንነትን ለማስረዳት በብዛት የሚሠራባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። «ቤዚክ» የሚባለው የተጠቃሚ ስምንና የይለፍ ቃልን በቤዝ64 አጻጻፍ ቀይሮ ኦቶራይዜሽን በተባለው ሄደር ይልካል። ቤዝ64 ምስጢር አያደርግም፤ ማንም መልሶ ሊያነበው ይችላል። «ቤረር» የሚባለው በዚያው ሄደር ውስጥ ቶከን ይልካል፤ ደንቡ የወጣው በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሌሎች አገልግሎቶች የራሳቸውን ሄደር ሰይመው ቁልፉን በዚያ ይቀበላሉ። በሦስቱም መንገድ ማስረጃው ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚጓዝ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ሊጠፋ፣ ሊቆረጥ ወይም ትርፍ ምልክት ሊጨመርበት ይችላል።

የምላሹን ቁጥር ማንበብ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምላሽ መጥቷል ወይስ አልመጣም?» የሚለው ነው። «የአስተናጋጁ ስም አልተገኘም» ወይም «ግንኙነቱ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልእክት ከታየ ማረጋገጫው ገና አልተጀመረም፤ ጥያቄው በሩ ላይ አልደረሰም። በዚህ ደረጃ ቁልፍ መቀየር ትርጉም የለውም። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ይህንኑ «መለያው አልሠራም» ብለው በአንድ ቀይ መልእክት ስለሚያሳዩ፣ ከጀርባ ያለውን ሎግ መክፈት ያስፈልጋል።

ምላሽ ከመጣ ቁጥሩ ይናገራል። 401 በእንግሊዝኛ ስሙ «ያልተፈቀደለት» ይባላል፤ ስያሜው ያሳስታል። ትክክለኛ ትርጉሙ «ማን እንደሆንክ አላወቅሁም» ነው፦ ማስረጃው አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ ተቀባይነት አላገኘም። 403 ደግሞ በአብዛኛው «ጥያቄህ ገብቶኛል፣ ግን አልፈቅድልህም» ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ መመርመር ያለበት የተጠቃሚው ሥልጣን ነው። 407 ማስረጃ የጠየቀው ፕሮክሲው መሆኑን ይገልጻል። 502 ፕሮክሲው ከኋላው ካለው አገልግሎት ደህና ምላሽ እንዳላገኘ ያሳያል። 404 ሁልጊዜ «የለም» ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ጊትሃብ ፈቃድ የሌለው ሰው የግል ማከማቻን ሲጠይቅ መኖሩን እንኳ ላለመግለጥ 404 ይመልሳል።

የኤችቲቲፒ ደንብ 401 የሚመልስ ሰርቨር ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈልግ በሌላ ሄደር አብሮ እንዲናገር ያስገድዳል። ይህን ሄደር ብዙ ሰው አያየውም፤ ግን ጠቃሚ ነው። ጠያቂው ቤረር እየላከ ሰርቨሩ ቤዚክ እየጠየቀ ከሆነ፣ መልስ እየሰጠ ያለው የታሰበው አገልግሎት ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ፕሮክሲ ሊሆን ይችላል።

አድራሻ እና ሎካልሆስት

ሎካልሆስት የሚለው ስም «እኔ» እንደሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ በተናጋሪው ይወሰናል። በላፕቶፑ ላይ ሎካልሆስት ላፕቶፑ ነው፤ በኮንቴይነር ውስጥ ግን ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። ስለዚህ በብራውዘር «ሎካልሆስት፣ ፖርት 8080» ብሎ የሚከፈትን ድረ ገጽ፣ ያንኑ አድራሻ ገልብጦ ሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ላለ መሣሪያ መስጠት አይሠራም። መሣሪያው ድረ ገጹን የሚፈልገው በራሱ ቤት ውስጥ ነው።

ዶከር ተጠቃሚው በፈጠረው ኔትወርክ ላይ ኮንቴይነሮች በስማቸው እንዲገኛኙ የራሱን የስም አገልግሎት በ127.0.0.11 አድራሻ ያቀርባል። «ብሪጅ» በሚባለው ነባሪ ኔትወርክ ላይ ግን ይህ የስም አገልግሎት የለም፤ እዚያ በስም መጥራት አይቻልም። ዶከር ኮምፖዝ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የየራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል። ድረ ገጹ በአንድ የኮምፖዝ ፋይል፣ መሣሪያው በሌላ ከተነሡ ሁለቱ አይተያዩም፤ ሁለቱንም የሚያገናኝ የጋራ ኔትወርክ መሰየም ያስፈልጋል።

ፖርትም ያምታታል። «8080 ወደ 80» ተብሎ የተጻፈ ቅንብር ከውጭ 8080 የሚገባውን ጥያቄ ውስጥ ወዳለው 80 ያስተላልፋል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ሌላ ኮንቴይነር ግን በቀጥታ 80ን ነው መጥራት ያለበት። በላፕቶፑ ላይ 8080ን የያዘው ሌላ ፕሮግራም ሆኖ ጥያቄው ወደዚያ የሚሄድበት ጊዜም አለ፤ ያኛው ፕሮግራም የራሱን 401 ይመልሳል፣ ሰውየውም ቁልፉን ደጋግሞ ይቀይራል። ቁልፉ ትክክል ነው፤ በሩ ግን የጎረቤት ነው።

ከኮንቴይነር ወደ አስተናጋጁ ማሽን መድረስ ሲያስፈልግ ዶከር ዴስክቶፕ «ሆስት ነጥብ ዶከር ነጥብ ኢንተርናል» የሚል ስም አዘጋጅቷል። ሊኑክስ ላይ በቀጥታ በተጫነ ዶከር ይህ ስም በራሱ አይገኝም፤ ኮንቴይነሩ ሲነሣ «ሆስት ጌትዌይ» በሚለው ቅንብር መጨመር አለበት። በላፕቶፕ የሠራው ሰርቨር ላይ የማይሠራበት አንዱ የተለመደ ምክንያት ይህ ነው።

ቁልፉ ወደ ኮንቴይነሩ መግባቱ

በፋይል ውስጥ የተጻፈ ቁልፍ ኮንቴይነሩ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች የሚቀመጡት ኮንቴይነሩ ሲፈጠር ነው። ፋይሉን አስተካክሎ ኮንቴይነሩን «ሪስታርት» ማድረግ አሮጌውን ቁልፍ ይዞ እንዲነሣ ያደርጋል፤ አዲሱ እንዲገባ ኮንቴይነሩ እንደገና መፈጠር አለበት፣ ለምሳሌ በዶከር ኮምፖዝ «አፕ» ትእዛዝ። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰዓት ያባክናል፤ ምክንያቱም የተስተካከለው ፋይል ዓይን ፊት ስለሚታይ ሰው ማሽኑ ሌላ ነገር ይዟል ብሎ አይጠረጥርም።

ትንንሽ ምልክቶችም ችግር ያመጣሉ። በዶከር ኮምፖዝ ፋይል ውስጥ የዶላር ምልክት የቫሪያብል መጀመሪያ ተደርጎ ስለሚነበብ፣ ዶላር ያለበት የይለፍ ቃል መሃሉ ተበልቶ ይገባል፤ መፍትሔው ምልክቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። በ«ዶከር ራን» ትእዛዝ ከፋይል የሚነበቡ ቫሪያብሎች ደግሞ የጥቅስ ምልክታቸው አይነሣላቸውም፤ በጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ቁልፍ ጥቅሱን የቁልፉ አካል አድርጎ ይገባል። ያው ፋይል በኮምፖዝ ሲነበብ ጥቅሱ ስለሚነሣ፣ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚል ግራ መጋባት ይፈጠራል።

ከሁሉም ተንኮለኛው የአዲስ መስመር ምልክት ነው። «ኤኮ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል የተጻፈ ቁልፍ በመጨረሻው የማይታይ የመስመር ምልክት ይይዛል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያነብ ጫፉን ካልቆረጠ፣ 40 ፊደል የነበረው ቁልፍ 41 ሆኖ ይላካል። በስክሪን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በኩበርኔቲስም ቁልፉ ወደ ቤዝ64 ከመቀየሩ በፊት ምልክቱ ከገባ ያው ስህተት ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ቁልፉን ሳያሳዩ ማወዳደር ይቻላል። በሁለቱም ኮንቴይነሮች ውስጥ ገብቶ የቁልፉን ርዝመት መቁጠር፣ ከዚያም የሻ256 አሻራውን አውጥቶ ማስተያየት በቂ ነው። አሻራው ከተለያየ ቁልፉ አንድ አይደለም፤ ርዝመቱ በአንድ ከበለጠ ደግሞ የመስመር ምልክቱን መጠርጠር ነው።

መንገድ ላይ የሚጠፋ ሄደር

በጠያቂውና በአገልግሎቱ መካከል ብዙ ጊዜ ፕሮክሲ አለ። ኤንጂንኤክስ በነባሪ ቅንብሩ በስማቸው ውስጥ የታች ሰረዝ ያለባቸውን ሄደሮች ዝም ብሎ ይጥላል፤ ስለዚህ ቁልፉን በታች ሰረዝ በተሰየመ ሄደር የሚልክ ፕሮግራም በቀጥታ ሲገናኝ ይሠራል፣ በኤንጂንኤክስ በኩል ሲያልፍ ግን ያለ ማስረጃ እንደመጣ ይቆጠራል። አፓቼም ኦቶራይዜሽን ሄደርን በነባሪ ለሲጂአይ ፕሮግራሞች አያሳልፍም፤ ከ2.4.13 ዝርያ ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅንብር አለው።

ሌላው አድራሻ መለወጥ ነው። ሰርቨሩ «ወደዚያኛው አድራሻ ሂድ» ብሎ ሲመልስና አዲሱ አድራሻ የተለየ አስተናጋጅ ሲሆን፣ ከርልም የፓይተን ሪክዌስትስም ቁልፉ ለማይታወቅ ሰው እንዳይደርስ ኦቶራይዜሽን ሄደሩን ይተዉታል። ይህ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ውጤቱ ግን ምክንያቱ የማይታይ 401 ነው። ሙሉ የጥያቄ ሂደቱን በዝርዝር ማየት፣ ወይም መጀመሪያውኑ የመጨረሻውን አድራሻ መጥራት ያስፈልጋል።

ጥያቄው ከብራውዘር ሲነሣ ታሪኩ ይለያል። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ኮድ የሚገኘው በጎብኚው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የኮንቴይነር ስሞችን አያውቅም። ኦቶራይዜሽን ሄደር ይዞ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ከመጠየቁ በፊትም ብራውዘሩ «ኦፕሽንስ» የተባለ የቅድሚያ ጥያቄ ይልካል፤ ይህ ጥያቄ ማስረጃ አይዝም። አገልግሎቱ ለኦፕሽንስም ማስረጃ ከጠየቀ 401 ይመልሳል፣ ብራውዘሩም ዋናውን ጥያቄ ሳይልክ የ«ኮርስ» ስህተት ያሳያል። በዚህ ጊዜ ችግሩ ቁልፉም ኮርሱም ሳይሆን የቅድሚያ ጥያቄው በማረጋገጫ እንዲያልፍ መገደዱ ነው።

ምሳሌ፦ ዎርድፕረስ እና ኤን ኤይት ኤን

ዎርድፕረስ በአንድ ኮንቴይነር፣ ሥራዎችን በራስ ሰር የሚያከናውነው ኤን ኤይት ኤን በሌላ ኮንቴይነር ሆነው መሣሪያው በድረ ገጹ ላይ ጽሑፍ እንዲያወጣ ሲፈለግ፣ ከላይ የተጠቀሱት ነገሮች ተራ በተራ ይታያሉ።

ዎርድፕረስ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.6 ዝርያው «አፕሊኬሽን ፓስወርድ» የሚባል ነገር ጨምሯል። ባለ 24 ፊደል ሲሆን በአራት በአራት ተከፋፍሎ ይታያል፤ በመሃል ያሉት ክፍት ቦታዎች ቢቀሩም ባይቀሩም ለውጥ የላቸውም። በቤዚክ መንገድ ሲላክ ከእሱ ጋር መሄድ ያለበት የሰውየው የመግቢያ ስም ነው። ብዙዎች ለይለፍ ቃሉ መለያ ብለው የሰጡትን ስም ይጽፉና 401 ያገኛሉ። ሰውየው በየቀኑ የሚገባበት ዋና የይለፍ ቃልም በዚህ መንገድ አይሠራም።

ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። ዎርድፕረስ አፕሊኬሽን ፓስወርድን የሚቀበለው ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ፣ ወይም ድረ ገጹ «ሎካል» የሚል የሥራ ዓይነት ከተሰጠው ብቻ ነው። ባለቤቱ በብራውዘር በኤችቲቲፒኤስ ገብቶ የይለፍ ቃሉን ያወጣል፤ ኤን ኤይት ኤን ግን በውስጥ ኔትወርክ የኮንቴይነሩን ስም ይዞ በተራ ኤችቲቲፒ ይጠራል። ዎርድፕረስ በዚህ ጊዜ «የይለፍ ቃልህ ተሳስቷል» አይልም። ማስረጃውን ጨርሶ አይመለከተውም፤ ጠያቂውን እንደ ማንኛውም እንግዳ ይቆጥረዋል።

እንግዳ ደግሞ የታተሙ ጽሑፎችን ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ግንኙነቱን ለመሞከር የጽሑፎችን ዝርዝር ሲጠይቅ 200 ይመጣል፣ «ማረጋገጫው ሠርቷል» ብሎ ይደመድማል፤ ጽሑፍ ለመጨመር ሲሞክር 401 ይመለስለታል። ትክክለኛው ሙከራ ለእንግዳ የማይመልስ አድራሻን መጥራት ነው፦ የተጠቃሚዎች ክፍል ውስጥ «ሚ» የሚለው አድራሻ ጠያቂውን ራሱን ያሳያል፣ ያልታወቀ ከሆነ ግን 401 ይመልሳል። ይህ ለዎርድፕረስ ብቻ አይሠራም፤ ማንኛውም የማረጋገጫ ሙከራ ያለ ቁልፍ ሲደረግ መውደቁ ካልታየ ምንም አላረጋገጠም።

በዎርድፕረስ ውስጥ «ጽሑፍ ለመፍጠር አልተፈቀደልህም» የሚለው መልእክት ለሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች በአንድ ቃል ይመጣል። አብሮ የሚመጣው ቁጥር 401 ከሆነ ጠያቂው አልታወቀም፣ 403 ከሆነ ታውቋል፣ ግን የተጠቃሚው ደረጃ አይበቃም፤ ለምሳሌ አንባቢ ብቻ ነው። መልእክቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። በተጠቃሚው መገለጫ ገጽ ላይ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ፓስወርድ መጨረሻ የዋለበት ቀንና የመጣበት አድራሻ ይታያል። ቀኑ ባዶ ከሆነ ቁልፉ አንድም ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም። ይሁንና ዎርድፕረስ ይህን የሚመዘግበው በቀን አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የሆነን ነገር ለማጣራት አያገለግልም።

መፍትሔው ኤን ኤይት ኤን ድረ ገጹን በሕዝባዊ ስሙ፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ በፕሮክሲው በኩል እንዲጠራው ማድረግ ነው። ፕሮክሲው ምስጠራውን ፈትቶ ወደ ዎርድፕረስ በተራ ኤችቲቲፒ ሲያስተላልፍ የመጀመሪያው ጥያቄ በኤችቲቲፒኤስ እንደመጣ በሄደር መናገር አለበት፤ የዎርድፕረስ ይፋዊ የዶከር ኢሜጅ ይህን ሄደር ያነባል። ለመለማመጃ ላፕቶፕ ግን የሥራውን ዓይነት «ሎካል» ማለት ይበቃል። ይህን በሕዝባዊ ሰርቨር ላይ ማድረግ የይለፍ ቃል ያለ ምስጠራ እንዲጓዝ መፍቀድ ነው።

ከኤን ኤይት ኤን በኩልም አንድ የሚያስደነግጥ ብልሽት አለ። መሣሪያው የተሰጡትን የይለፍ ቃሎች በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው መስጥሮ ነው፤ የመመስጠሪያው ቁልፍ ግን፣ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ካልተሰጠው፣ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ፈጥሮ በቤት ማህደሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የመረጃ ቋቱ በሌላ ኮንቴይነር ተጠብቆ ማህደሩ ግን ወደ ቮልዩም ካልተያያዘ፣ ኮንቴይነሩ በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይወለዳል። የድሮዎቹ መለያዎች በዝርዝሩ ላይ ይታያሉ፣ ሊፈቱ ግን አይችሉም። ዝርያ ካሳደጉ በኋላ ሁሉም ግንኙነቶች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። የድሮው ቁልፍ ከጠፋ ሁሉንም መለያ እንደገና ከማስገባት በቀር መንገድ የለም።

ሰዓት እና ቶከን

ጄደብሊውቲ የሚባለው ቶከን፣ ደንቡ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የሚያበቃበትን ጊዜ በውስጡ ይይዛል። የሰጪውና የተቀባዩ ሰዓት ከተራራቀ ደህናው ቶከን «ጊዜው አልፏል» ወይም «ገና አልጀመረም» ይባላል። በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ኮንቴይነሮች የአስተናጋጁን ሰዓት ስለሚጋሩ በመካከላቸው ልዩነት አይፈጠርም፤ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ሲሆኑ ግን ይፈጠራል። የአማዞን ኤስ3 አገልግሎት ለምሳሌ ከ15 ደቂቃ በላይ የተዛባ ሰዓት ያለበትን ጥያቄ አይቀበልም።

ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የሚያጋጥም የተለየ መልክም አለው። ኮንቴይነሮች በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራሉ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በሎጉ ላይ 06:00 የተጻፈው በአዲስ አበባ የዲጂታል ሰዓት 09:00፣ በሰው አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህ ሎግ ሲነበብ ብቻ የሚያደናግር ይመስላል፤ ግን ኮድም ውስጥ ይገባል። በፓይተን «ዩቲሲናው» የሚለው ተግባር የሚሰጠው ጊዜ የየትኛው ሰዓት ክልል እንደሆነ አይገልጽም። ያንን ወደ ሰከንድ ቁጥር ሲቀይሩት ፓይተን እንደ አካባቢ ሰዓት ይወስደውና 3 ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። የአንድ ሰዓት ዕድሜ የተሰጠው ቶከን ሲወለድ ያለፈበት ይሆናል። የሚገርመው በኮንቴይነሩ ውስጥ ያው ኮድ በትክክል መሥራቱ ነው፤ እዚያ የአካባቢ ሰዓቱ ዓለም አቀፉ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። ተግባሩ ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንዳይሠራበት ይመከራል።

ከሰዓት ሌላ ቶከኑ ማን እንደሰጠውም ይናገራል። ኪክሎክን በመሰለ የማንነት አገልግሎት ተጠቃሚው በብራውዘር «ሎካልሆስት» ብሎ ሲገባ ሰጪው «ሎካልሆስት» ተብሎ ቶከኑ ውስጥ ይጻፋል። በኮንቴይነር ውስጥ ያለው ድረ ገጽ ደግሞ ሰጪውን በኮንቴይነር ስሙ ያውቀዋል። ፊርማው ትክክል፣ ጊዜው ትክክል ሆኖ በስም አለመግጠም ብቻ 401 ይመጣል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ስም እንዲጠቀሙ ማድረግ እንጂ ምርመራውን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም።

የግዕዝ ፊደል በይለፍ ቃል

የቤዚክ ማረጋገጫ ጽሑፉ በምን አጻጻፍ ወደ ባይት እንደሚቀየር ለረጅም ጊዜ አልወሰነም ነበር። በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ሰርቨሩ ዩቲኤፍ-8 እንደሚፈልግ የሚናገርበትን መንገድ ጨመረ። የፓይተን ሪክዌስትስ ግን ጽሑፍ ሆኖ የተሰጠውን ስምና የይለፍ ቃል በላቲን-1 ለመቀየር ስለሚሞክር፣ በፊደል የተጻፈ የይለፍ ቃል ሲሰጠው ጥያቄውን ሳይልክ ስህተት ያወጣል። በጃቫስክሪፕት «ቢቱኤ» የሚለው ተግባርም እንዲሁ እምቢ ይላል። ሁለቱም ጋ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ዩቲኤፍ-8 ባይት መቀየር ይሠራል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ርዝመት በባይት ሲቆጠር የሚገኘው ቁጥር ከፊደሉ ብዛት ሦስት እጥፍ ነው።

በምርመራ ወቅት ጥንቃቄ

ብዙ ቁልፍ የሚያፈተልከው ችግር በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ሙሉ ጥያቄውን የሚያሳይ የከርል ውጤት ኦቶራይዜሽን ሄደሩንም ይዞ ይወጣል፤ ያንን ገልብጦ እርዳታ መጠየቂያ ላይ መለጠፍ ቁልፉን ማደል ነው። የ«ዶከር ኢንስፔክት» ትእዛዝም ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን በግልጽ ያሳያል። ኢሜጅ ሲሠራ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ቁልፍ በኋላ ፋይሉ ቢሰረዝም በቀደመው ንብርብር ውስጥ ይቀራል፤ ኢሜጁን ያወረደ ሁሉ ሊያወጣው ይችላል።

ፖርት ሲከፈትም አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ዶከር በሊኑክስ ላይ ፖርት ሲያወጣ የራሱን የኔትወርክ ሕጎች ስለሚጽፍ፣ «ዩኤፍደብሊው» በሚባለው ፋየርዎል የተዘጋ ፖርት ከውጭ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ለሙከራ ብቻ የሚፈለግ ፖርት በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ መጻፍ አለበት፤ ኮንቴይነሮች እርስ በርስ ለመነጋገር ግን ምንም ፖርት ወደ ውጭ ማውጣት አያስፈልጋቸውም።

ቁልፍ ወጥቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ፋይሉን ወይም መልእክቱን መሰረዝ አይበቃም፤ ቁልፉ ራሱ መሻር አለበት። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ቁልፍ የተሰጠ እንደሆነ አንዱን መሻር ሌሎቹን አያቋርጥም። የዎርድፕረስ አፕሊኬሽን ፓስወርዶችም አንድ በአንድ ሊሻሩ ይችላሉ።